የአባቴን ቴምብር ያበላሸው አልበሙ ነው

ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ጋዜጣችሁን ሳነብ ብዙ ዓመቴ ነው፣ ደብዳቤ ስጽፍ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ስለ ቴምብር ነው። በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ ወይ አልጋ ስር ባለ ሻንጣ ውስጥ አባት ወይ አያት የሰበሰቡት ቴምብር የተቀመጠበት ቤተሰብ ብዙ ነው፣ እና እኔ ላይ የደረሰው እነሱም ላይ እየደረሰ ይሆናል ብዬ ስለምሰጋ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ከተማሪነቱ ጀምሮ ቴምብር ይሰበስብ ነበር። አቀማመጡ ቀላል ነው፣ ነጭ ወረቀት አጥፎ ትንንሽ ፖስታ ይሠራል፣ ላዩ ላይ በእርሳስ ዓመቱን ይጽፋል፣ ከዛ በጫማ ካርቶን ደርድሮ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል፣ በቃ። አርባ ዓመት ምናምን እንደዛ ተቀምጦ ምንም አልሆነም። እሱ ሲያርፍ ካርቶኑ ለኔ ደረሰ፣ እኔም የአባቴ ነገር በጫማ ካርቶን አይቀመጥም ብዬ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ወፍራም ሽፋን ያለው፣ ገጹ ጥርት ያለ የላስቲክ ኪስ የሆነ የቴምብር አልበም ገዛሁ። ሻጩ የውጭ ዕቃ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል አለኝ። ስከፍተው የምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈው ላስቲክ አዲስ ሲሆን የሚሸተውን ሽታ ይሸት ነበር፣ ያኔ የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው ብዬ ወደድኩት እንጂ ምን እንደሆነ አላወቅኩም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ አሁን ባለፈው ነሐሴ፣ ለእህቴ ልጅ ላሳየው ብዬ አወጣሁት። ገጾቹ ላብ ያላባቸው ይመስላሉ፣ በጣት ሲነኩ ያሙለጨልጫሉ፣ እርስ በርስም ተጣብቀዋል። ከመጀመሪያው ኪስ አንዱን ቴምብር ሳብ ሳደርገው የላዩ ወረቀት ተልጦ ላስቲኩ ላይ ቀረ። ደነገጥኩና ተውኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ የምኒልክ ባለ ግማሽ ግርሽ ቴምብር አለ፣ ቀዩ፣ አባቴ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያየው እሱ ነበር። ለማያውቅ ሰው፣ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በፈረንጆቹ 1894 የወጡት ሰባቱ ናቸው፣ ፓሪስ ነው የታተሙት፣ ቅርጹን የቀረጸው ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው አራቱ የንጉሡ ምስል ሲኖራቸው ሦስቱ ላይ ደግሞ አንበሳው አለ። እንግዲህ ያ ቴምብር ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ስንት ነገር አልፎ፣ ስንት እጅ ቀይሮ መጥቶ፣ እኔ አሳምሬ ባስቀመጥኩት አልበም ውስጥ በአራት ዓመት ቅቤ የነካው ወረቀት መሰለ፣ ወደ ብርሃን ሲያዙት ከጀርባው ያለው ጣት ይታያል፣ ቀዩም ትንሽ ፈዞ ላስቲኩ ላይ ሮዝ ጥላ ትቷል። አለቀስኩ ብል አላጋነንኩም።

ከዛ ነው መጠየቅና ማንበብ የጀመርኩት። ጥፋተኛው ፒቪሲ የሚባለው የላስቲክ ዓይነት ነው። ፒቪሲ በራሱ ደረቅና ግትር ነው፣ እንደ ጨርቅ እንዲተጣጠፍ ዘይት መሰል ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ያ ዘይት ደግሞ እዛው አይቀመጥም፣ ቀስ እያለ ይወጣና የነካውን ወረቀትና ቀለም ውስጥ ይገባል። ላስቲኩ ሲያረጅ አሲድም ይለቃል። የጠረጴዛ ላስቲክ ስር ፎቶ አስቀምጦ በኋላ ሲያነሳው ፊቱ ተልጦ የቀረበት ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

እና ልትገዙ ስትሉ መጀመሪያ አሽትቱት። ያ የጠረጴዛ ላስቲክ ሽታ ካለው፣ ወይ ደግሞ ለስለስ ብሎ እጅ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ተዉት፣ ስንትም ቢያምር ተዉት። ሁለተኛ ማሸጊያውን ገልብጣችሁ ከምን እንደተሠራ አንብቡ። ፖሊስተር ማለት ማይላር የሚባለው፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊኤትሊን የሚል ከሆነ ደህና ነው። አንዳንዱ ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለ፣ 3 ከሆነ ፒቪሲ ነው፣ 5 ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ምንም ያልተጻፈበት ከሆነ እኔ አሁን አልገዛም፣ እንደ አባቴ ንጹሕ ወረቀት አጥፌ ብጠቀም ይሻለኛል።

ወረቀትም ቢሆን ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ይቅርታ አድርጉልኝና የናንተን ጋዜጣ መስኮት ላይ ለአንድ ሳምንት ብተወው ቢጫ ይሆናል፣ ምክንያቱም የጋዜጣ ወረቀት ውስጥ ሊግኒን የሚባለው ከእንጨቱ የመጣ ነገር አለ፣ እሱ ነው ቢጫ የሚያደርገው፣ አሲዱም አጠገቡ ወዳለው ወረቀት ይተላለፋል። ስለዚህ ቴምብር በጋዜጣ መጠቅለል፣ ጋዜጣ ቆርጦ ገጽ መሀል ማስገባት ጥሩ አይደለም። አልበም ወይ ስቶክ ቡክ፣ ማለት ቴምብሩ ሳይለጠፍ የሚሰካበት ኪስ ያለው ደብተር፣ ሲገዛ ገጹ ከአሲድ ነፃ ነው የሚል ይፈለግ፣ ውጭ ያላችሁ ዘመዶች ለበዓል ስትመጡ ከሽቶና ከጫማው ጋር አንድ እንደዚህ ያለ ስቶክ ቡክ ብትይዙ ለሚሰበስብ ሰው ትልቅ ስጦታ ነው፣ ሻንጣ ውስጥም ቦታ አይፈጅም።

ከሁሉም በላይ የምለምነው ግን ቴምብር ላሚኔት አታስደርጉ። እዚህ አገር ዲፕሎማውም፣ የልደት ካርዱም፣ ፎቶውም ላሚኔት ይደረጋል፣ እና ቴምብርም አስደርገው ያየኋቸው ሰዎች አሉ። ላሚኔት ማለት በሙቀት ሙጫ ያለው ላስቲክ ወረቀቱ ላይ ማቅለጥ ነው፣ ከዛ በኋላ መመለሻ የለውም። ስኮችም እንደዛው፣ ሙጫው ውስጡ ገብቶ ቡናማ ይሆናል። ገጹ ራሱ የሚጣበቀው የድሮ የፎቶ አልበምም ለቴምብር አይሆንም። በእጅም ባይነካ ነው የሚሻለው፣ ጣት ላይ ወዝ አለ፣ ወረንጦ ካላችሁ ጫፉ ያልሾለ፣ ጥርስ የሌለው ይሁን።

አሁን መስከረም ነው፣ ሁላችንም የክረምቱን ዕቃ አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። ቴምብር ግን አይሰጣም፣ ፀሐይ ቀለሙን ይበላል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት ክፍል ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ መተው በቂ ነው። ያልተላከ ቴምብር ጀርባው ላይ ሙጫ ስላለው የክረምት እርጥበት ሲነካው ራሱን በራሱ ይለጥፋል፣ ስለዚህ አልበሙ እንደ መጽሐፍ ቆሞ እንጂ ተኝቶና ሌላ ዕቃ ተጭኖበት አይቀመጥ፣ ግድግዳው ላይም አይጠጋ። አዲስ ጫማ ውስጥ የምትገኘዋን፣ እርጥበት የምትመጠውን ትንሽ የሲሊካ ከረጢት አትጣሏት፣ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጧት፣ ከረጢቷ ግን ቴምብሩን እንዳትነካው። ለብል ብላችሁ ናፍታሊን እንዳትጨምሩ፣ ትነቱ ላስቲኩንም ይጎዳል።

የጽሕፈት መሣሪያ የምታስመጡና የምትሸጡ ሰዎች ይሄን ካነበባችሁ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ የምትሸጡት አልበም ከምን ላስቲክ እንደተሠራ አምራቹን ጠይቃችሁ ላዩ ላይ ጻፉበት። ሱቁን ተመልሼ ጠይቄው ነበር፣ ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱም አያውቅም። ጋዜጣችሁ ደግሞ ዋናው ፖስታ ቤት ያለው የቴምብር ሙዚየም ሄዶ እዛ ያሉት ባለሙያዎች የነሱን እንዴት እንደሚያስቀምጡ ጠይቆ አንድ ገጽ ቢያወጣልን፣ ቢቻል ከሚቀጥለው ክረምት በፊት፣ እኔ የመጀመሪያው አንባቢ ነኝ።

የተረፉትን ወደ ወረቀት ፖስታ መልሼአቸዋለሁ፣ የአባቴን የእርሳስ ጽሕፈት ያለባቸውን እነዛኑ ፖስታዎች አልጣልኳቸውም ነበር። አሥራ ሰባቱ ግን አሁንም ከላስቲኩ ጋር ተጣብቀው አሉ፣ መሳብ ስለፈራሁ ዙሪያቸውን በመቀስ ቆርጬ እንዳሉ ለየብቻ አስቀምጫቸዋለሁ፣ ግማሽ ግርሹም ከነሱ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሳይጎዳ የሚያላቅቅ ባለሙያ የሚያውቅ አንባቢ ካለ እባካችሁ በጋዜጣችሁ በኩል ያሳውቀኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንባቢያችሁ ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ