የምስጋና መልእክት፦ ለእማማ፣ ለሎን ፓይን ሰዎችና ለሁላችሁም

ውድ ቤተሰቦቼና ወዳጆቼ፣

የደረሰብኝን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፤ ሎን ፓይን ከተማ አጠገብ ድንጋያማ ቦታ ስዞር ወድቄ እግሬን ተጎዳሁ፤ ዝርዝሩን ደግሜ አልተርክም። እግሬ አሁንም ጀሶ ውስጥ ነው። ግን ደህና ነኝ፤ ሎስ አንጀለስ ቤቴ ገብቼ ጾሙን ከልጆቼ ጋር ፈትቻለሁ። ተመስገን! ስልክ ስደውልላችሁ እንባ እየቀደመኝ ስላስቸገረኝ መጻፉን መረጥኩ።

ከሁሉም በፊት እማማን ላመስግን። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ395 አውራ ጎዳና ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ያላቸው አሜሪካዊት ባልቴት ናቸው። የሄድኩት የቦናንዛ ዕቃ ፍለጋ እንደነበር ታውቃላችሁ። ቦናንዛ በፈረንጆቹ ከ1959 እስከ 1973 በኤንቢሲ የታየ የካውቦይ ተከታታይ ድራማ ነው። ሚስቶቹ የሞቱበት አባት፣ ቤን ካርትራይት፣ ሦስት ወንዶች ልጆቹን ይዞ ኔቫዳ ውስጥ ታሆ ሐይቅ አጠገብ ከብት ያረባል። እኔንና ወንድሞቼንም ያሳደገን አባታችን ብቻውን ነው። አሜሪካ እንደመጣሁ ሌሊት ሠርቼ ጠዋት ስገባ ድጋሚውን አይ ነበር። ቤንን ሆኖ የሚተውነው ሎርን ግሪን ልጆቹን ሲቆጣ አባቴን የማየው ይመስለኝ ነበር። «ይሄ የድሮ ፊልም ምን ያደርግልሃል?» ለምትሉኝ መልሴ ይኸው ነው።

ይህንኑ ለእማማ ስነግራቸው ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ከዚያ የሱቁን በር ቆልፈው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ከላይኛው መደርደሪያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። የቦናንዛ ምሳ ዕቃ! አላዲን የተባለው ኩባንያ በ1960ዎቹ ለተማሪዎች የሠራው፣ የቆርቆሮው፣ ጠርዙ አረንጓዴ የሆነው። የእጅ ባትሪ አብርተው በጎን በኩል ያዙበት። «ቀለም የተደገመበት ቦታ ካለ እንዲህ ሲበራበት ለብቻው ያብለጨልጫል» አሉኝ። ማጠፊያው ላይ ያለችውን ዝገት በጣቴ አስነኩኝ። እጀታው ሥር ቀለሙ ተፍቋል። «ይሄ እንዳያስከፋህ፤ ልጅ ይዞት ትምህርት ቤት ተመላልሷል ማለት ነው» አሉኝ። ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ አብሮት የተሸጠው ፔርሙዝ የለም። ዋጋ ስጠይቃቸው «ያለ ፔርሙዙ አልሸጥልህም፤ መጀመሪያ ላፈላልግልህ» አሉ። ገንዘብ ይዞ ለቆመ ሰው እንዲህ የሚል ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ አላባማ ሂልስ እንደምሄድ ስነግራቸው «ፀሐይ ሳትጠልቅ ደውልልኝ» አሉ። አላባማ ሂልስ ከሎን ፓይን ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የድንጋይ አገር ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊልሞች የተቀረጹት እዚያ ነው፤ ሪቻርድ ቡን የተወነበት «ሃቭ ገን ዊል ትራቭል» የተባለው የካውቦይ ተከታታይ ድራማ አንዳንድ ክፍሎችም ጭምር። ያንን ቦታ ሳላይ መመለስ አልቻልኩም።

አልደወልኩላቸውም። ከወደቅኩበት ኔትወርክ አልነበረም።

አንድ ቀን ብቻ ያዩኝ ሴት «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ቀረ?» ብለው ሰው አስነሱ። መኪናዬ ምን ዓይነት እንደሆነች አስታውሰው ተናገሩ። እማማ፣ እኔ ዛሬ ይህን የምጽፈው እርስዎ ስለጨነቀዎት ነው። ሌላ ምን ልበል? እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

በዚህ ቢበቃቸውስ! ሆስፒታል መጡ። ሾርባ ይዘው ነበር፤ የዶሮ። ጾም ላይ እንደሆንኩ ስነግራቸው አልተቀየሙም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «ምን ይበላል? ምን አይበላም? ወተትስ? ቅቤስ?» እያሉ በወረቀት ጻፉ። በሚቀጥለው ቀን ምስር በዘይት ሠርተው መጡ። ከዚያ በኋላ ቅቤ የነካው ነገር አምጥተው አያውቁም። እናቴን የቀበርኩት ልጅ ሆኜ ነው፤ ታምሜ የእናት ምግብ መብላት ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።

ፔርሙዙም ተገኘ። እኔ ተኝቼ እሳቸው ኔቫዳ ውስጥ ካርሰን ሲቲና ቨርጂኒያ ሲቲ ያሉ የሚያውቋቸውን ነጋዴዎች ሁሉ ሲደውሉ ከርመዋል። የከፈሉበትን ብቻ ተቀበሉኝ፤ አንድ ብር ትርፍ እንኳ አልጨመሩም። ልሄድ ስል ደግሞ ፖንዴሮሳ የሚል የተጻፈበት የቆርቆሮ ኩባያ እጄ ላይ አኖሩ። ፖንዴሮሳ በቦናንዛ የካርትራይቶች የከብት እርባታ ስም ነው፤ ኩባያው በዚያ ስም ታሆ ሐይቅ አጠገብ በ1967 ተከፍቶ በ2004 የተዘጋው መዝናኛ ማስታወሻ ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ልጆቻቸውን ይዘው ሄደው ያመጡት ነው። «ይሄንንስ አልወስድም» ብል «ልጆቼ ካውቦይ አይወዱም፤ አንተ ትወዳለህ» ብለው እንቢ አሉኝ።

ባለቤቴ፣ ሌሊቱን ሙሉ በ395 ነድተሽ ደረስሽልኝ፤ ለአንቺ የምለውን ቤት ውስጥ እላለሁ። ድምፄን ሰምታችሁ ውኃና ጃኬታችሁን የሰጣችሁኝ ሁለት ወጣት ተጓዦች፣ ስማችሁን እንኳ አልጠየቅኩም፤ ተባረኩ። የነፍስ አድን ሠራተኞች፣ ሐኪሞችና ነርሶች፣ አመሰግናለሁ። የእድራችን አባላት፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ የቤተ ክርስቲያን ወገኖቼ፣ ሎስ አንጀለስ ካለው የሐበሻ ሰፈር ከፌርፋክስ ምግብ የላካችሁ፣ ፈረቃዬን የሸፈናችሁልኝ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከአዲስ አበባ በየቀኑ የደወላችሁ ወንድሞቼ፣ ሁላችሁንም ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።

ስማችሁን ሳልጠራ የቀራችሁ ብዙ ናችሁ። በመድኃኒቱ ምክንያት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ተምታተውብኛል፤ ማን እንደደወለ፣ ማን እንደመጣ ለይቼ አላስታውስም። እባካችሁ እንዳትቀየሙኝ።

ምሳ ዕቃውን ማየት የምትፈልጉ ቅዳሜ ከሰዓት ኑ፤ ቡና አለ። እማማ፣ ይህን ደብዳቤ ትልቋ ልጄ በስልክ በእንግሊዝኛ ታነብልዎታለች። ጀሶው እንደተፈታ ቤተሰቤን ይዤ እመጣለሁ። ምስሩን በዚህኛው ዙር እኛ እንሠራለን።

አክባሪ ልጅዎና ወንድማችሁ