የሂሳብና ቤዝቦል ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሯጭ ስንት ያወጣል?

የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ክበብ ቁማር አያስተምርም። በወላጆች ስብሰባ ላይ «ይሄ ቁማር አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ስለተነሳ ይህን አስቀድሜ ልበል። ፋንታሲ ቤዝቦል የምንጫወተው ያለ አንድ ሳንቲም ነው። ልጆቹ በድራፍት ተራ በተራ እውነተኛ ተጫዋቾችን ይመርጣሉ። ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ የሚያስመዘግቡት ቁጥር ለመራጩ ነጥብ ይሆናል። የቀረው ሂሳብ ነው።

የመስከረምና የጥቅምት ስብሰባዎች በምዝገባና በደንብ አለቁ። በብርዱ ወራት አማካይና መቶኛ ሠራን። ድራፍቱ መጋቢት ላይ ነበር።

ዓመቱን ሙሉ ያከራከረን ቤዝ ከመስረቅ (ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ከመድረስ) ሌላ ብዙም የማይሆንለት ሯጭ ነው። በሊጋችን 10 ቡድኖች አሉ። መቺዎች በአምስት ነገር ይለካሉ፦ በራን (ቤዞቹን ዞሮ በሚያገኘው ነጥብ)፣ በሆም ራን (ቤዞቹን ሁሉ በሚያዞረው ምት)፣ በአር ቢ አይ (በምቱ በሚያስገባቸው ነጥቦች)፣ በተሰረቀ ቤዝና በመምታት አማካይ (ከሙከራዎቹ በተሳካው ድርሻ)። በእያንዳንዱ አንደኛው 10፣ መጨረሻው 1 ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ በስርቆት አንደኛ ከሆንክ በኋላ የምትጨምረው ሁሉ ምንም አያመጣልህም።

ልጆቹ መጀመሪያ ሯጮቹን ተሻሙ። እኔም ወደ ኋላ ሄደን የ2021ን እና የ2023ን ቁጥር እንድናይ አደረግሁ። በ2023 ሕጉ ተቀይሯል። ቤዙ ከ15 ኢንች ወደ 18 ሰፋ፣ ለፒቸሩ (ለኳስ ወርዋሪው) ሰዓት ተቆረጠለት፣ ሯጩን ለመያዝ የሚያደርገው ሙከራም ተገደበ። በ2021 በመላው የአሜሪካ ዋና ሊግ 2,213 ቤዝ ተሰርቆ ነበር፤ በ2023 ወደ 3,503 ወጣ። እንደ ጤፍ ገበያ ነው፤ ምርቱ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል። የስታርሊንግ ማርቴ የ2021 47 ስርቆት ከጠቅላላው 2.1 በመቶ ነው። የኤስቴዩሪ ሩዊዝ የ2023 67 ግን 1.9 በመቶ ብቻ። ያውም ሩዊዝ በዚያ ዓመት የመታው ሆም ራን 5 ነው፤ የመምታት አማካዩም .254። 67 ከ47 እንደሚያንስ በራሳቸው እጅ ሲያሰሉ ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። እንዲህ ያለ የመቶኛ ትምህርት በወረቀት ጥያቄ አይገኝም።

ግንቦት ላይ ዋሽንግተን ወዳለው የቤዝቦል ስታዲየም፣ ናሽናልስ ፓርክ ሄድን። ስለዚህ ቀን ትንሽ ልቆይ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አለችን፤ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን የሰማነው ስም ስንጠራ ነው። ሩጫ ሰዓት ይዛ የፒቸሩን ውርወራ ትለካለች። ኳሱ ካቸሩ (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚይዘው) ጋ ለመድረስ 1.3 ሰከንድ ገደማ፣ ከካቸሩ ሁለተኛ ቤዝ ለመድረስ ደግሞ 2 ሰከንድ ገደማ እንደሚፈጅ ተምረናል፤ ፒቸሩ ከዘገየ ለሯጩ ይመቸዋል። ድንገት ብድግ ብላ «ጋሼ፣ ይሄኛው 1.6 ነው! አሁን ይሮጣል!» አለች። ሮጠ። ሰረቀም። አባቷ ከሥራ አስፈቅደው አብረውን መጥተው ነበር። «እንዴት አወቅሽ?» አሏት። ከፒቸሩ ጀምራ አንድ በአንድ፣ እስከ ጨዋታው ማብቂያ ድረስ አስረዳቻቸው። ሁሉንም በአማርኛ። እኔ በእውነቱ እንባዬ መጣ። ይህን የቅዳሜ ትምህርት ቤት የከፈትነው ለዚህ አይደለም እንዴ?

ያልተሳካም አለ። የጸደይ እግር ኳስ ሲጀመር ብዙ ልጆች ቀሩብን። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ለክበቡ በሙሉ ስለሆነ ድራፍቱን ግማሹ በወረቀት ሠራን። ለበዓል ዝግጅት አዳራሽና ድምፅ ማጉያ የምንከራይ ሰዎች ለሂሳብ ክበብ ሁለት ላፕቶፕ አጣን ማለት ይከብደኛል።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንፈልገው ያገለገሉ ላፕቶፖች፣ ጥቂት ሩጫ ሰዓቶችና ለስታዲየሙ ጉዞ የሚያጅቡ ወላጆች ነው። ቤታችሁ ተቀምጦ አቧራ የሚጠጣ ላፕቶፕ ካለ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ስታደርሱ ይዛችሁልን ኑ። ከአማርኛው ክፍል ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ነን፤ ገብታችሁ ክርክሩንም ስሙ።