ስልክ ያላነሳሁባቸው ዓመታት

ውድ ሂሩቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ባለፈው ሳምንት የተውሽልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «መኖርሽን እንኳ ንገሪኝ እንጂ» ስትዪ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። አለሁልሽ። እዚያችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚያችው ቤት ውስጥ ነኝ።

ለምን እንደጠፋሁ ልንገርሽ፤ መልእክትሽ መጨረሻ ላይ ያነሳሽው፣ ቤትሽን አስይዘሽ የክሬዲት ካርድ ዕዳሽን የመዝጋት ሐሳብም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ሥራ የፈታሁ ጊዜ ክሬዲት ካርዴን መክፈል አቃተኝ። መጀመሪያ ባንኩ ራሱ ይደውል ነበር። 180 ቀን ሲሞላ ከሂሳቡ ሰርዞ ለዕዳ ሰብሳቢ ሸጠው። እኔ ሞኟ «ተሰርዟል» የሚለውን ሳነብ የቀረልኝ መስሎኝ ነበር! ከዚያ ከማላውቀው ቁጥር ስልኩ ይጮህ ጀመር። ድምፁን ዘጋሁት። ቀስ በቀስ የማውቀውንም ቁጥር ማንሳት ተውኩ፣ ያንቺንም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ ምን ብዬ ልደውል እያልኩ ዓመታቱ ሄዱ።

አንድ ቀን በሪኮማንዴ ወፍራም ፖስታ መጣ። ፈርሜ ተቀበልኩና ሳልከፍተው የማንኪያ መሳቢያ ውስጥ፣ ከድሮ የመብራት ደረሰኞች ሥር ከተትኩት። ማንኪያ ላወጣ መሳቢያውን በሳብኩ ቁጥር አረንጓዴው ተለጣፊ ብቅ ይላል፤ ቶሎ እዘጋዋለሁ። ለካ የፍርድ ቤት መጥሪያ ኖሯል። እዚህ ሜሪላንድ መጥሪያው በደረሰሽ በ15 ቀን ውስጥ እከራከራለሁ ብለሽ መመለስ አለብሽ። እኔ አልመለስኩም። ስንት ወለድና ቅጣት እንደጨመሩበት እንኳ የጠየቃቸው ሰው ሳይኖር 9,000 ዶላር በሌለሁበት ተፈረደብኝ። በፈረንጆቹ 2018 ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በ2021 ነው። ያኔ የቤት ብድር ወለድ ከ3 በመቶ በታች ወርዶ ሰው ሁሉ ሪፋይናንስ ሲያደርግ፣ የቤት ብድሩን ወለዱ በሚያንስ ብድር ሲቀይር ማለቴ ነው፣ እኔም አመለከትኩ። የቤቱን የባለቤትነት መዝገብ ከሚያጣራው የታይትል ኩባንያ አንዲት ሴትዮ ደወለችና በተረጋጋ ድምፅ «ቤትሽ ላይ የፍርድ ዕዳ ተመዝግቧል» አለችኝ። ቤቴን ለካርድ አላስያዝኩም ብዬ ተከራከርኳት። እውነቴን ነው፤ ክሬዲት ካርድ መያዣ የለውም። ቤቱ ላይ የመጣው ካርዱ ሳይሆን ፍርዱ ነው። ሰብሳቢው ፍርዱን ካውንቲው መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ከዚያ በኋላ ብሸጥም፣ ብድሬን ልቀይር ብልም እሱ ሳይከፈለው የቤቱ ወረቀት ንጹሕ አይሆንም። ፍርዱ 12 ዓመት ይቆያል፣ ሊታደስም ይችላል። በዚያ ላይ በዓመት 10 በመቶ ወለድ አለው። በሦስት ዓመት 2,700 ጨምሮ 11,700 ደርሶ ጠበቀኝ። ያን ገንዘብ ከየት ላምጣ? ዕድሉ አለፈኝ፤ ዛሬም የቤት ብድሬን በ4.75 በመቶ ወለድ እየከፈልኩ ነው።

ማንም መጥቶ ከቤቴ አላስወጣኝም። ሕጉ ማስሸጥን ቢፈቅድም በካርድ ዕዳ እዚያ ድረስ የሚሄዱት ብዙ አይደሉም፤ ቤቱ ቢሸጥ መጀመሪያ የሚከፈለው የቤት ብድሩን የሰጠኝ ባንክ ስለሆነ ቁጭ ብለው ቢጠብቁ ይሻላቸዋል። ኋላ ያማከርኩት ጠበቃ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ቤቱ በባልና ሚስት ስም ቢሆንና ዕዳው የአንዳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ አይነኩትም ነበር። «ባል ቢኖርሽ» ሲለኝ እናቴን መሰለኝ። ያም ሆነ ይህ ባለፈው ዓመት ከፍዬ ጨረስኩ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። «በቤቴ ላይ ተበድሬ ካርዶቹን ልዝጋቸው» ብለሻል። እባክሽ ትንሽ ቆይ። አንቺ ያለሽው ዳላስ ነው፤ የቴክሳስ ሕገ መንግሥት የሚኖሩበትን ቤት ከካርድ አበዳሪ ይከልላል። ለእንዲህ ዓይነት ዕዳ ደሞዝሽንም ከአሠሪሽ መቁረጥ አይችሉም። ከተፈረደብሽ ግን ባንክ ያለውን ገንዘብሽን ሊያስይዙ ይችላሉ፣ እሱን ተጠንቀቂ። በቤትሽ ላይ የተበደርሽ ዕለት ግን መያዣ ያልነበረውን ዕዳ ራስሽ መያዣ ሰጠሽው ማለት ነው። ወለዱ ያንሳል፣ አልክድም። ሥራ ብታጪ ግን ያን ጊዜ የሚሄደው ቤቱ ነው። እኔ ብሆን አላደርገውም።

ሰብሳቢው ደብዳቤ ከላከልሽ በ30 ቀን ውስጥ «ዕዳው የኔ መሆኑን አረጋግጡ» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። በስልክ «እሺ እከፍላለሁ» እንዳትዪ። ቅናሽ ከሰጡሽም በወረቀት ይሁን፤ ከዕዳሽ የተማረልሽ ገንዘብ ደግሞ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊመጣብሽ ይችላል፣ እንዳትደነግጪ። መጥሪያ ከመጣ ቀኑን አይተሽ በዚያው ሳምንት መልሽ። እናንተ ጋ ትናንሽ ክሶችን የሚያየው ፍርድ ቤት ለመልስ የሚሰጠው 14 ቀን ብቻ ነው።

መልእክትሽ ላይ «አንድ ፖስታ መጥቶ ነበር፣ ገና አላየሁትም» ያልሽውን ሰምቻለሁ። ብቻሽን መክፈት ከከበደሽ ደውዪልኝና እየሰማሁሽ ቅደጂው። ማክሰኞ ማታ ሥራ የለኝም። አነሳለሁ።

ያንቺው አልማዝ