ባሮ ሽንኩርቱን አትቀቅሉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምግብ ዓምዳችሁን ለንደን ሆኜ በስልኬ ነው የማነበው፣ ደስ ያለኝን ደግሞ አገር ቤት ላሉት እህቶቼ እልክላቸዋለሁ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ዶሮና ባሮ ሽንኩርት ፓይ (ወጡ በሊጥ ተከድኖ ኦቨን ውስጥ የሚጋገር ምግብ) በመጻፋችሁ በጣም ተደስቻለሁ። እዚህ አገር ይህ የቤት ምግብ ነው፤ ሲበርድ፣ ሲደክም፣ ሰው ሲታመም የሚሠራ፣ ሆድ የሚያሞቅ ምግብ። በሁለት ነገር ግን ቅር ብሎኛል። አንደኛው ባሮ ሽንኩርቱን ቀቅላችሁ ውኃውን ድፉት ማለታችሁ ነው። ሁለተኛው መረቁን በታሸገ የሾርባ ዱቄት ሥሩት ማለታችሁ። እንደዛ ከተሠራ ሰው አንዴ ቀምሶ “የፈረንጅ ምግብ አይጥመኝም” ብሎ ይተወዋል፣ እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። ጣዕም አለው እኮ! ከነውኃው የተደፋው ጣዕሙ ነው።

እስቲ ከባሮ ሽንኩርቱ ልጀምር። የቀይና የነጭ ሽንኩርት ዘመድ ነው፣ ጠባዩ ግን ለስላሳ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲበስል ጣፈጥ ይላል። ዌልሶች፣ ማለትም እዚሁ ብሪታንያ ያለችው የዌልስ ሕዝብ፣ ብሔራዊ ምልክታቸው አድርገውታል፤ በየዓመቱ ማርች 1 በሚውለው የቅዱስ ዴቪድ ቀን ደረታቸው ላይ ሰክተውት የሚወጡ አሉ። ገበሬው ነጩ ክፍል እንዲረዝምለት ተክሉ ሲያድግ አፈር እየከመረ ያለብሰዋል፣ ፀሐይ ያላየው ነጭ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ምክንያት በየቅጠሉ መሐል አፈር ይገባል። ከላይ ብቻ አጥቦ መክተፍ አይበቃም፤ ስትበሉ ጥርስ ላይ አሸዋ የሚንቀጫቀጨው ለዚህ ነው። ሥሩን ቁረጡት፣ ጠቆር ያለውን የላይኛውን ቅጠል ለይታችሁ አስቀምጡት (አትጣሉት፣ ዶሮው ጋ ይፈለጋል)፣ የቀረውን በቁመቱ ሰንጥቁና ቅጠሉን በጣታችሁ እየገለጣችሁ በሚወርድ ውኃ እጠቡት። ከዚያ ጣት በሚያህል ውፍረት ክተፉት።

አሁን አስተውሉ። የእኛ እጅ የሰለጠነው በዶሮ ወጥ ነው። ሽንኩርት ማለት ለእኛ መጀመሪያ ደረቁን፣ ከዚያ በዘይት ወይ በቅቤ፣ መልኩ እስኪለወጥና እስኪሟሟ ድረስ ረጅም ሰዓት የሚቁላላ ነገር ነው። ባሮ ሽንኩርት ግን ይህን አይወድም። ከቀላ መረር ይላል፣ ያ የሚያምር አረንጓዴ መልኩም ይጠፋል። ለ3 መካከለኛ ባሮ ሽንኩርት 40 ግራም የገበታ ቅቤ በሰፊ ድስት አቅልጡ፣ ሽንኩርቱን ጨምሩ፣ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ነስንሱበት፣ ክደኑትና እሳቱን እስከ መጨረሻው ቀንሱት። ለ15 ደቂቃ ያህል በራሱ ውኃ ይበስላል፤ አልፎ አልፎ ብቻ አማስሉት። ሌላ ውኃ አይፈልግም። የሚያወጣው ፈሳሽ ሁሉ እዚያው ይቅር፣ ለፓይው የሚሆነው ጣዕም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ንጥር ቅቤም እዚህ ላይ አልመክርም፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ለወጥ ግሩም ነው፣ ባሮ ሽንኩርቱን ግን ድምጥማጡን ያጠፉታል።

ወደ ዶሮው ልለፍ። አጥንቱ ያለበት የጭን ሥጋ 1 ኪሎ ያህል ይበቃል፤ የደረት ሥጋ ቶሎ ይደርቃል። ቆዳውን እንደለመድነው ግፈፉት። ስለ ማጠብ ብዙዎቻችሁ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ፣ ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2014 ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ብሎ ሕዝቡን በይፋ ጠይቋል። ምክንያቱም ካምፓይሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ከቧንቧው ውኃ ጋር እየተፈናጠረ ዕቃው ላይ፣ ሰላጣው ላይ፣ ልብሳችን ላይ ያርፋል፤ የሚገድለው እጥበት ሳይሆን እሳት ነው። አገር ቤት ታርዶ፣ ላባው ተነጭቶ፣ ተገነጣጥሎ በሎሚና በጨው የሚታጠበው ዶሮ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ መታጠብ አለበት፤ በሳፋ ውስጥ ረጋ ብላችሁ እጠቡት እንጂ ቧንቧ አትልቀቁበት፣ ከዚያም ሳፋውንና ያረፈበትን ቦታ ሁሉ በሳሙና እሹት። ከሱፐርማርኬት ታሽጎ የመጣውን ግን ከማሸጊያው አውጥታችሁ ቀጥታ ድስት ውስጥ ክተቱት። ሎሚ ናፍቋችሁ ከሆነ መጨረሻ ላይ ወጡ ውስጥ ጠብ አድርጉ።

ዶሮው እስኪሸፈን ድረስ ውኃ አድርጉና ያስቀመጣችሁትን የባሮ ሽንኩርት ቅጠል አጥባችሁ፣ 1 ካሮት፣ ጥቂት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ጨምሩበት። እየተንተከተከ ሳይሆን እምብዛም ሳይፈላ ለ35 ደቂቃ ያህል ይብሰል። ሥጋውን አውጥታችሁ ከአጥንቱ ላይ በትልልቁ ቦጫጭቁት። መረቁን አጥሉት። በሉ እንግዲህ፣ እንዲህ ያለ መረቅ እጃችሁ ላይ እያለ የታሸገ ዱቄት ምን ይሠራል? እንግሊዞቹ እኮ ይህን ፓይ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት እሑድ ከጠበሱት ዶሮ በተረፈው ሥጋ ነው፣ አጥንቱን ቀቅለው መረቅ ያወጣሉ፣ ሰኞ ማታ ፓይ ይሆናል። የቁጠባ ምግብ ነው። ለቁጠባ የተፈጠረ ምግብ ላይ ሌላ ነገር ግዙ ማለት ነገሩን መገልበጥ ነው።

መረቁን የምታወፍሩበት መንገድ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ አይደለም። ላዛኛ የሠራ ሁሉ ቤሻሜል የሚባለውን በቅቤ፣ በዱቄትና በወተት የሚሠራ ነጭ ስጎ ያውቃል። ያው እሱ ነው፣ ልዩነቱ ከወተቱ ይልቅ የዶሮው መረቅ መብዛቱ ነው። 50 ግራም የገበታ ቅቤ አቅልጡ፣ 50 ግራም ፉርኖ ዱቄት ጨምራችሁ ጥሬ ጥሬ እንዳይሸት ለ2 ደቂቃ አማስሉ። ከዚያ 300 ሚሊ ሊትር መረቅ፣ ቀጥሎ 200 ሚሊ ሊትር ወተት በትንሽ በትንሹ እያፈሰሳችሁ፣ እጃችሁን ሳታነሡ አማስሉ። ማንኪያውን ነክራችሁ ጀርባው ላይ በጣት ስታሰምሩ መስመሩ ካልተዘጋ ደርሷል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው ጣል አድርጉ፣ ጦስኝም። ጦስኙን ከሰሜን ሸዋ ደጋ የመጣ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። እኔ ሰው ከአገር ቤት በመጣ ቁጥር አስልካለሁ፣ እዚህ ሱቅ ከሚሸጠው ይልቅ የእኛው ለዚህ ምግብ ይስማማኛል። ዶሮውንና ባሮ ሽንኩርቱን ከነፈሳሹ ቀላቅሉበት።

አሁን ጋዜጣችሁ ጨርሶ ያልጠቀሰው ነገር ይመጣል። ይቀዝቅዝ! ሙሉ በሙሉ። ትኩስ ወጥ ላይ ሊጥ ከጣላችሁ በሊጡ ውስጥ ያለው ቅቤ ኦቨን ሳይገባ ይቀልጥና ፓይው እርጥብ፣ ከባድ፣ የማይበላ ይሆናል። “ፓይ ሠራሁ፣ ሊጡ ተላቆጠብኝ” የሚሉኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ቸኩለው ነው።

ለሊጡ 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 125 ግራም ከፍሪጅ የወጣ ቅቤ፣ ቆንጠር ያለ ጨው። ቅቤውን ቆራርጣችሁ ከዱቄቱ ጋር በጣት ጫፍ ብቻ እሹት፣ ፍርፍር እስኪል። ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምራችሁ ሰብስቡት። እንደ ዳቦ ሊጥ አትሹት፣ ካሻችሁት ይደድራል። ጠቅልላችሁ 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይረፍ። ከዚያ በመዳመጫ ዳምጡትና ወጡን የገለበጣችሁበትን የኦቨን ዕቃ ክደኑበት። ከላይ ብቻ፣ ከሥር ሊጥ አያስፈልግም። ጠርዙን ተጫኑት፣ የተመታ እንቁላል ቀቡት፣ መሐሉን በቢላ ሰንጠቅ አድርጉለት እንፋሎቱ እንዲወጣ። በ200 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ፣ ወርቃማ እስኪሆን። ጊዜ የሌለው ሰው ሱቅ የሚሸጠውን ዝግጁ ሊጥ ቢጠቀም ምንም ነውር የለውም፤ እዚህ አገር ያሉ እናቶችም ያደርጉታል። ከ4 እስከ 6 ሰው ያጠግባል።

ኦቨን የሌለው ቤት ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ዓምዳችሁም ስለ እነሱ ቢያስብ መልካም ነበር። ወጡን እንዳለ አሙቁና በተፈጨ ድንች ወይ በሩዝ ላይ አቅርቡት። ፓይ ባይባልም ያው ጣዕሙ አለ። በጾም ደግሞ ዶሮውን በእንጉዳይ፣ ቅቤውን በዘይት ተኩ፣ መረቁን ከእንጉዳዩና ከአትክልቱ አውጡት፣ ወተቱን ተዉት። ከድንች ጋር ይሄዳል።

እዚህ በታኅሣሥ በእኛ ሰዓት አሥር ላይ ይመሻል። ልጆች ከትምህርት ቤት በጨለማ ነው የሚገቡት፣ ሰው ከሥራ ሲመለስ እጁ ደንዝዟል። ወጡንና ሊጡን ለየብቻ ማታ ሠርቶ ፍሪጅ ማሳደር ይቻላል፣ በማግስቱ መክደንና መጋገር ብቻ ነው የሚቀረው። አራስ ስጠይቅም ከገንፎው ጎን ይህን ይዤ እሄዳለሁ፤ እናትየው በአንድ እጇ ልጅ ይዛ በሹካ ልትበላው ትችላለች። የተረፈው 2 ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል፣ ስታሞቁት ግን መሐሉ ድረስ እስኪያጨስ አሙቁት፣ ያሞቃችሁትን ደግሞ መልሳችሁ አታሙቁ።

ውድ አዘጋጅ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከእንግዲህ የውጭ ምግብ አሠራር ስታወጡ መጠኑን በግራም ጻፉልን፣ “ጥቂት ዱቄት፣ በቂ ወተት” አትበሉን። ለምን እንደዚያ እንደሚደረግም አንድ መስመር ጨምሩ። አገር ቤት ያሉት እህቶቼ ባለፈው እትም እንዳነበቡት ሊሠሩት ሲሉ ነው ደውዬ ያስቆምኳቸው፣ ሌላው አንባቢ ግን የሚደውልለት የለም። ይህንን ደብዳቤ በሚቀጥለው እትም ካላወጣችሁት እንኳ፣ ባሮ ሽንኩርቱ አይቀቀል፣ ወጡ ይቀዝቅዝ የሚለውን ማረሚያ አውጡልኝ።

አክባሪያችሁ
አንባቢያችሁ ከለንደን