መድኃኒቱ አጠገባቸው እያለ እንዳይቋረጥባቸው፦ ከደሴ ቅሬዎች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በደሴ ከተማና በዙሪያዋ ለምትኖሩ፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ፣ በአረብ አገራት፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ለምትገኙ የወሎ ልጆችና ወዳጆች በሙሉ፤

ከጦሳ ተራራ ሥር በአንድ ሠፈር የምንገኝ ጎረቤታም ቅሬዎች (በሌላ አካባቢ እድር የሚባሉት)፣ ወላጆቻቸውን በኤድስ ምክንያት ላጡ፣ ቫይረሱ በደማቸው ለሚገኝ፣ ወይም ቫይረሱ ካለባት እናት ጋር ለሚኖሩ ልጆችና ለአሳዳጊዎቻቸው የሚውል የጋራ ፈንድ አቋቁመናል። እስካሁን ፈንዱ የቆመው ከእያንዳንዱ አባል ወርኃዊ መዋጮ ላይ ተቀንሳ በምትቀመጥ ጥቂት ብር ነው። የዱቄትና የዘይት ዋጋ ከአቅማችን በላይ ከወጣ ወዲህ ግን አዲስ ቤተሰብ መቀበል ቀርቶ የያዝናቸውንም መደገፍ አቅቶናል። ስለዚህ ከሠፈራችን አልፈን እናንተን ለመጠየቅ ተገደናል።

ቅሬ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የኤድስ ሕሙማን መታየት የጀመሩት በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ቢሆንም፣ እኛ ክብደቱን የቀመስነው በ1990ዎቹ ነው። ከተማችን አዲስ አበባን ከመቀሌ በሚያገናኘው ጎዳና ላይ፣ ከኮምቦልቻ በሚሌ በኩል ወደ ወደብ ከሚወርደው የከባድ መኪና መንገድ አጠገብ ያለች በመሆኗ፣ መጪውም ሂያጁም ያርፍባታል። በዚያ ዘመን ድንኳኑ ከአንድ ግቢ ተነቅሎ ሳይታጠፍ ሌላ ግቢ ይተከል ነበር። ሟቹ በምን እንደሞተ ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም፤ «ሳንባ ነው»፣ «ምች ነው» ይባልና ይቀበራል። የቅሬው ሥራ መቅበርና ሐዘንተኛውን መርዳት ብቻ ስለነበር፣ አባወራውን በቀበርንበት ቤት ብዙም ሳይቆይ ተመልሰን እናትየውን እንቀብር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ በማን እጅ እንደቀሩ ጠይቁ የሚል መተዳደሪያ ደንብ አልነበረንም። በልዩ ልዩ ከተሞች ያሉ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ላለ ሰው መድረስ የጀመሩት ይህን ካዩ በኋላ ነው፤ እኛም የእነርሱን ፈለግ ተከትለናል።

በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር የጥሩምባው ድምፅ ቀነሰ። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። እናት ምንም ሕክምና ካላገኘች በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ወቅት ወደ ልጇ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ሲደርስ፣ ክትትሏን በወቅቱ ጀምራ ካላቋረጠች ከ5 በመቶ በታች ይሆናል። በመዝገባችን ካሉት እናቶች መካከል ከቫይረሱ ነፃ የሆኑ ልጆች የወለዱ ብዙ ናቸው።

ይህን የምንዘረዝረው «መድኃኒቱ በነፃ ከተሰጠ ታዲያ ገንዘቡ ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለሚቀርብልን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ፣ ልጅ ራሱን ችሎ መድኃኒት የማይወስድ መሆኑ ላይ ነው። ቀጠሮውን የሚያስታውስለት፣ ጤና ተቋም የሚያደርሰው፣ ማታ ማታ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ሲታመም፣ ሲደኸይ ወይም ሲሞት ሕክምናው አብሮ ይናጋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ቫይረሱ በደማቸው ካለ ትልልቅ ሰዎች 77 በመቶው መድኃኒት ሲያገኙ፣ ከ15 ዓመት በታች ካሉት ልጆች ያገኙት 57 በመቶው ብቻ መሆናቸው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

በሠፈራችን የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት አሉ። እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። ለሕፃናት የተዘጋጀው እንክብል በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ እንደ ቀድሞው መራራ ሽሮፕ አያታግልም፤ በማንኪያ አሟሙተው ይሰጡታል። ሰዓት አያነቡም፤ ክርስቲያን ቢሆኑም መድኃኒቱን የሚሰጡት ከሠፈሩ መስጊድ የኢሻ አዛን ሲሰማ ነው። ልጁ ወደ ዘመድ ቤት ሲሄድ ግን ሌላ ችግር ይመጣል፤ የብልቃጡ ወረቀት መላጥ አለበት፣ እንክብሎቹም በቦርሳ ውስጥ እንዳይንኮሻኮሹ ጥጥ ይጠቀጠቅባቸዋል። ይህን ዘዴ ያስተማራቸው የለም፤ የሌሎችም አሳዳጊዎች ዘዴ ይኸው ነው። ልጁ አሁን «ሌሎቹ ልጆች ለምን አይወስዱም?» ብሎ መጠየቅ ጀምሯል። ባለሙያዎች እንደሚመክሩት ለልጅ እንደ ዕድሜው እየተመጠነ እውነቱ ሊነገረው ይገባል፤ ይህን ከአያት ጋር ተቀምጦ የሚያግዝ ሰው ግን እየጠፋ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲታገድ፣ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። ከእነርሱ መካከል ቀጠሮ ያለፈበትን ታካሚ ቤቱ ድረስ ሄደው የሚፈልጉ፣ ስልክ ደውለው የሚያስታውሱ ነበሩበት።

መድኃኒት የሚቋረጠው በአብዛኛው በትናንሽ ምክንያቶች ነው። እንክብሉ ያለ ምግብም ሊወሰድ ይችላል ቢባልም፣ እራት ያልበላ ልጅ ያቅለሸልሸዋል፤ አሳዳጊዋም «ዛሬስ ባዶ ሆዱን አላስውጠውም» ብላ ታልፈዋለች። ዛሬ ነገን ይጎትታል፤ ቫይረሱም መድኃኒቱን ይላመዳል። ከዚያ በኋላ የሚታዘዘው መድኃኒት ውድና አማራጩ ጠባብ ነው። የትራንስፖርቱ ጉዳይ ሌላ ነው። የተረጋጋ ትልቅ ሰው የ6 ወር መድኃኒት ሊሰጠው ሲችል፣ የልጅ መጠን ከክብደቱ ጋር ስለሚለዋወጥ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት፤ ጎረቤት እንዳያያቸው ብለው በቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ ትተው ሩቅ የሚከታተሉም ጥቂቶች አይደሉም። «እዚሁ ቢታከሙ ምን አለበት?» ማለት ቀላል ነው፤ መገለሉን የሚሸከሙት ግን እነርሱ ናቸው። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማችን በደረሰ ጊዜ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ፣ ካርዳቸውን እንኳ ሳይዙ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ የሸሹ ቤተሰቦች መድኃኒት ማቋረጥ ምን እንደሚያስከትል በራሳቸው ላይ አይተውታል።

የምንሰበስበው ገንዘብ በቅድሚያ ለወርኃዊ ቀለብ፣ ማለትም ለዱቄት፣ ለሽሮና ለዘይት፣ እንዲሁም ለቀጠሮ ቀን መጓጓዣ ይውላል። ቀጥሎ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮአቸውን እንሸፍናለን፤ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ነፃ ቢሆንም ልጁ ጆሮውን ወይም ደረቱን ሲታመም የሚጠየቀው ክፍያ ነፃ አይደለምና። የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና ደብተር በየዓመቱ መስከረም ሳይጠባ መሟላት አለበት። የሚተርፍ ካለ፣ ለአሳዳጊዎች እንደ ጉሊት ንግድና እንጀራ መጋገር ላለ ሥራ የሚሆን መነሻ ገንዘብ በተዘዋዋሪ ብድር መልክ እንሰጣለን።

አሁን ከሁሉ በላይ ጠንክረን ወደምንይዘው ነገር እንምጣ። በዚህ ፈንድ የሚረዳ ልጅ ፎቶግራፉ አይለጠፍም፤ ደብተር ሲቀበል ቪዲዮ አይቀረጽም፤ ስሙ በስብሰባ አይነበብም። የስም ዝርዝሩ በሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ይቀመጣል። ቀለቡን በሰልፍ አናከፋፍልም፤ ቤተሰቡ ሠፈሩ ውስጥ ካለ ሱቅ እንደማንኛውም ደንበኛ ይወስዳል፣ ሒሳቡን ከባለሱቁ ጋር የምናወራርደው እኛ ነን። በተጨማሪም ከቫይረሱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው የድሃ ቤተሰብ ልጆች በዚሁ ፈንድ እንዲታቀፉ ወስነናል፤ አለበለዚያ «የቅሬው ድጋፍ የሚደርሰው» መባል ራሱ መለያ ይሆንባቸዋል። ከውጭ አገር የሚለግሱ አንዳንድ ወገኖች «የረዳነውን ልጅ አሳዩን» ሲሉን በአክብሮት እምቢ ብለናል፤ ወደፊትም እምቢ እንላለን። ገንዘባችሁ የት እንደዋለ የማወቅ መብት አላችሁ፤ የልጁን ፊት የማየት መብት ግን የላችሁም። አነጋገራችን ጠንከር ካለባችሁ፣ ልጁ ነገ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሊማር፣ ሊሠራና ሊያገባ መሆኑን አስቡልን።

ከገንዘብ ውጭ ለመርዳት የምትፈልጉ አላችሁ። ዩኒፎርም የሚሰፋ ልብስ ሰፊ፣ ከሰዓት በኋላ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠና ጡረተኛ መምህር፣ በቀጠሮ ቀን በነፃ የሚያመላልስ የባጃጅ ባለቤት ብናገኝ ደስታችን ነው። የዱቄት ወተት እንድትልኩ ግን አንፈልግም። ሕክምናዋን የምትከታተል እናት ልጇን እስከ 6 ወር ጡት ብቻ እንድታጠባ ትመከራለች፤ በቆርቆሮ የመጣ ወተት ከእናት ጡት ጋር ሲቀላቀልና በንጹሕ ውኃ ሳይበጠበጥ ሲቀር ጉዳቱ ያመዝናል፣ «ለምን አታጠባም?» የሚል የጎረቤት ዓይንም ያስከትላል። ያረጀ ልብስም ከበቂ በላይ አለን። መድኃኒትና ቫይታሚን በሻንጣ ጨምራችሁ አትላኩ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለማንም አንሰጠውም።

በሳዑዲ፣ በኤምሬትስና በቤይሩት በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን፣ ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን ለእናቶቻችሁ ትታችሁ እንደሄዳችሁ እናውቃለን፤ ያላችሁም ሸክም በቂ ነው። ከእናንተ የምንጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን፣ ቤታችሁ ያሉ አያቶች እርዳታ ፈልገው ያፈሩ ከሆነ እንድትነግሩን ብቻ ነው።

የፈንዱ ሒሳብ በደሴ በሚገኝ ባንክ በሦስት ሰዎች ጥምር ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ ከፈራሚዎቹ አንዱ ከሙስሊሞች፣ አንዱ ከክርስቲያኖች፣ ሦስተኛዋ ከአሳዳጊ እናቶች የተመረጡ ናቸው። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በቅሬው ጉባኤ ይነበባል፤ ከተማ ውጭ ላላችሁ ለጋሾችም ያው ጽሑፍ ይላክላችኋል። በእንዲህ ያለ ጥሪ ስም የሚያጭበረብሩ ስላሉ የሒሳብ ቁጥሩን እዚህ አላተምንም። ደሴ ያላችሁ በወርኃዊው የቅሬ ስብሰባ ላይ ለገንዘብ ያዧ ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ሩቅ ያላችሁ ደግሞ እዚህ ባለ ዘመዳችሁ አማካይነት የቅሬው ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ አስልካችሁ በዚያ ላይ በተጻፈው ቁጥር ብቻ አስገቡ። የዩኒፎርሙ ጨርቅ ተገዝቶ ለሰፊዎች የሚሰጠው በነሐሴ ወር ስለሆነ፣ ለትምህርት ቁሳቁስ የምትለግሱ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ብታደርሱልን ይመረጣል፤ ለቀለብና ለመጓጓዣ የሚሆነው ግን በማናቸውም ጊዜ ይገባል።