ለአበልጄ፣ ከጎንደር

አበልጄ፣ እንደምን ከርመሃል?

ያው እኔም ጠፋሁ፣ አንተም ጠፋህ። ማን ቀድሞ ዝም አለ ብለን ከተቆጣጠርን ነገር ይረዝማልና ይቅር ለእግዜር ብለን እንለፈው። ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ዛሬ ያስጻፈኝ ግን ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ የክርስትና ልጅህ ነው።

ቁመቱ እኔን ወጥቷል። (ድሮ ፒያሳ ላይ «ከአጠገቤ ራቅ በል፣ ሰው ልጅህ ነው ወይ ይለኛል» ስትለኝ የሳቅኩትን አሁን እየከፈልኩ ነው።) በረኛ ካልሆንኩ ብሎ ሞቷል፤ በ17 ዓመቱ አግዳሚው አልደረስልህ አለው። ሰሞኑን ደግሞ ምግብ ያዘ። ምን ምግብ ብቻ! እራቱን በልቶ ይተኛና ሌሊት ተነስቶ የተረፈውን ሽሮ ከነድስቱ ይጠርጋል። እናቱ «የልጄ ሆድ ተከፈተ» ብላ ለቁስቋም ዣንጥላ ተስላ ነበርና ደስታዋ አይጣል ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ፍሪጁ ውስጥ፣ እንቁላል የሚቀመጥበት ላይ፣ በካልሲ የተጠቀለለች ብልቃጥ እስካገኝ ድረስ። አውራ ጣቴን አታክልም፤ የጎማ ክዳን አላት፣ «ለምርምር ብቻ» የሚል ተለጥፎባታል። እናቱን የዓይን ጠብታ ነው ብሏታል። ጂኤችአርፒ-6 የሚሉት፣ ሰውነት የእድገት ሆርሞን እንዲለቅ የሚቀሰቅስ መርፌ ነው፤ ጂም የሚሠራ ጓደኛው ነው ያመጣለት።

አንተ መድኃኒት ቤት ውለህ የምታድር ሰው ታውቀው ይሆናል፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የሚገርመው፣ ይህ ሰው ሠራሽ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ በለው) የተሠራው እነ ኮጂማ የሚባሉ ተመራማሪዎች ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ከአይጥ ጨጓራ ግሬሊንን ከማግኘታቸው በፊት ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን በዚያው በግሬሊን ተቀባይ በኩል ነው። ግሬሊን ደግሞ ረሃብ የሚቀሰቅስ ሆርሞን ነው። ሽሮው የት ይገባ እንደነበር ገባህ?

የእድገት ሆርሞን ቀን ቀን በትንሽ በትንሹ እየተቆራረጠ ይለቀቃል፤ ትልቁ የሚመጣው እንቅልፍ ከወሰደን በኋላ በመጀመሪያው ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ነው። ሌሊቱን ነቅቶ ያደረ ሰው ያ በእጅጉ ይቀንስበታል። መርፌው የነቃውንም የተኛውንም ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፣ አልክድም። ግን ወዲያው ወጥቶ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ይወርዳል፤ የጭንቀት ሆርሞን የሚሉትን ኮርቲሶልንም አብሮ ይቀሰቅሳል፤ ሲደጋገም ምላሹ ይደክማል። ልጅህ ታዲያ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሆዱን ይወጋና እስከ 9 ሰዓት ስልኩ ላይ ይጣዳል! ተኝቶ በነጻ የሚያገኘውን ትቶ በብር ይገዛል። ይህንኑ ብለው «አባዬ፣ ያንተ ባዮሎጂ የድሮው ካሪኩለም ነው» አለኝ። አስተማሪ መሆን እንዲህ ነው።

ደግሞስ አጥንቱ ጫፍ ላይ ያለው የእድገት ቦታ ተዘግቶ ከሆነ ሆርሞን በባልዲ ቢደፉበት ቁመት አይጨምርም። ተዘግቶ እንደሆነ የሚታየው በግራ እጅ ራጅ ነው። ኳስ ተጫዋች እሆናለሁ የሚል ልጅ ደግሞ ይህ ነገር የዓለም ፀረ-አበረታች መድኃኒት ድርጅት (ዋዳ) የከለከለው መሆኑን እንኳ አልሰማም።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትሳቅብኝ። ብልቃጧን አልጣልኳትም። ቀምቼው መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ደብቄያታለሁ። ሌሊት ስነቃ «ቢሠራስ?» እላለሁ። አንተ ረጅም ስለሆንክ አይገባህም።

እና... እንዴት ልበልህ፣ እዚያ አዲስ አበባ የሆርሞን ሐኪም የምታውቅ ከሆነ ክረምት ሲገባ ልላክልህ? ለአንድ ሳምንት አንተው ዘንድ ይረፍ። ምን ይበላል ብለህ አትስጋ፣ መርፌው ከቀረ ሆዱም ይመለሳል። እስከዚያ ደውልለት፤ ያንተን ቃል ይሰማል። እኔ ነገርኩህ ግን እንዳትለው።

ለእናቱ ገና ትንፍሽ አላልኩም። እሁድ ዣንጥላውን ይዛ ቁስቋም ልትሄድ ነው፤ ምን ልበላት?