የሠራተኛው ይግባኝ በአሠሪው እጅ ለምን ይቀራል?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በአውስትራሊያ በአሠሪ ስፖንሰርነት ስለሚሰጠው ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ የምታወጧቸው ዘገባዎች በአመዛኙ የሚያተኩሩት በሙያ ዝርዝሩና በደመወዙ ወለል ላይ ነው። ማመልከቻው ውድቅ ሲደረግ ምን እንደሚከተል ግን ብዙም አይነሳም፤ እኔ እንደምታዘበው ደግሞ ሰው ይበልጥ የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው።

ቀድሞ 457፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ 482 የሚባለው ይህ ቪዛ የሚቆመው በሁለት ማመልከቻዎች ነው፤ አንዱ አሠሪው የሥራ መደቡንና ሠራተኛውን የሚያቀርብበት ኖሚኔሽን፣ ሌላው ሠራተኛው በራሱ ስም የሚያስገባው የቪዛ ማመልከቻ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ መደቡ እውነተኛ አይደለም ብሎ ኖሚኔሽኑን ከጣለው፣ የሠራተኛው ማመልከቻ አንዳች እንከን ባይገኝበትም አብሮ ይወድቃል።

በ1958ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 338 መሠረት፣ አገር ውስጥ ሆኖ ያመለከተ ሠራተኛ ጉዳዩን ወደ አስተዳደር ክለሳ ትሪቡናል (Administrative Review Tribunal) መውሰድ የሚችለው፣ አቤቱታውን በሚያስገባበት ጊዜ የጸደቀና ያልተቋረጠ ኖሚኔሽን ካለው፣ ያም ባይሆን አሠሪው ስለ ኖሚኔሽኑ ወይም ስለ ስፖንሰርነቱ መከልከል ያቀረበው ይግባኝ በመታየት ላይ ከሆነ ነው። በኖሚኔሽኑ ላይ ይግባኝ ማለት የሚፈቀደው ግን ለአሠሪው ብቻ ነው። አሠሪው ከ3,400 ዶላር በላይ የሆነውን ክፍያ ከሳሳለት፣ ከሠራተኛው ጋር ከተቀያየመ ወይም ድርጅቱን ለመዝጋት ካሰበ፣ ትሪቡናሉ ሥልጣን የለኝም ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም፤ የሠራተኛው ማስረጃ ሳይገለጥ መዝገቡ ይዘጋል።

ያለ አሠሪ የአሠሪ ቪዛ ትርጉም የለውም የሚል መከራከሪያ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቀላል መከራከሪያም አይደለም። ነገር ግን ክርክሩ መደቡ እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ሲሆን፣ ከሠራተኛው የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? በሜልበርኑ ፉትስክሬይ ሰፈር ባሉ የእኛ ምግብ ቤቶች ውስጥ ቁሌቱን ከሌሊት ጀምሮ የሚያበስል፣ የእርሾውንና የበርበሬውን ልክ የሚያውቅ ሰው፣ ሥራው የወጥ ቤት ረዳት ሥራ ነው ተብሎ ቢወሰንበት፣ ያንን ወጥ ቤት ከነጭራሹ ያላየ ባለሥልጣን የጻፈውን ማስተባበል የሚችለው እሱ ነው። የኖሚኔሽኑ ውሳኔ ግን ለአሠሪው እንጂ ለእሱ አይጻፍለትም፤ ምክንያቱን እንኳ የሚሰማው አሠሪው ሊነግረው ከፈቀደ ነው።

ጊዜውም አይታገስም። የይግባኙ ቀነ ገደብ 28 ቀን ሲሆን ትሪቡናሉ የማራዘም ሥልጣን የለውም። ይግባኝ ከሌለ፣ ማመልከቻው እስኪወሰን አገር ውስጥ የሚያቆየው የመሸጋገሪያ ቪዛ ውሳኔው ከተሰጠ ከ35 ቀናት በኋላ ያበቃል፤ ማመልከቻው አንዴ የተጣለበት ሰውም ከአገር ሳይወጣ እንደገና ማመልከት የሚችልባቸው የቪዛ ዓይነቶች ጥቂት ናቸው።

መንግሥት ሠራተኛውን ከአንድ አሠሪ ጋር ማሰር ለብዝበዛ እንደሚያጋልጥ ራሱ አምኖ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራውን ያጣ ባለ ቪዛ አዲስ ስፖንሰር የሚፈልግበትን ጊዜ ከ60 ወደ 180 ቀናት አሳድጎታል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 14 የቀድሞው ይግባኝ ሰሚ አካል ፈርሶ በአዲሱ ትሪቡናል ሲተካ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ይግባኝ መብቱ ማሻገር ይቻል ነበር፤ አንቀጽ 338 ግን በዋና ይዘቱ እንደነበረ አለፈ። ሕግ አውጪዎቹ ሊያስተካክሉት ከፈለጉ፣ የኖሚኔሽኑ ውሳኔ ከነምክንያቱ ለሠራተኛውም እንዲደርሰው፣ አሠሪው ይግባኙን ቢተወው ደግሞ ሠራተኛው በራሱ ስም እንዲቀጥለው ወይም ሌላ ስፖንሰር እስኪያገኝ ጊዜ እንዲሰጠው መደንገግ ይበቃ ነበር።

እስከዚያው ድረስ የቪዛ ማመልከቻችሁ ውድቅ መደረጉን የሚገልጽ ደብዳቤ የደረሳችሁ ወገኖች፣ አሠሪያችሁ የኖሚኔሽኑን ይግባኝ ማስገባቱን በቃል ሳይሆን የትሪቡናሉን የመቀበያ ማረጋገጫ በማየት አጣሩ። የእናንተን የቪዛ ይግባኝ አስገቡ፤ ከእሱ በኋላ፣ ከ28 ቀኑ ግን በፊት። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ሥልጣን የለኝም የሚለው መልስ ሊመጣ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከሜልበርን